አመድ ያወጣው ስም

ፓይኔም ስትስቅም የምትጣላ ትመስላለች። በካሊዋሩ ገበያ ታፔ የሚባለውን ጣፋጭ የካሳቫ ምግብ የምትሸጥበት ጥግ ከመንገድ አይታይም፤ መምጣቷ የሚታወቀው በድምጿ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ የገበያ ዘበኛ ቅርጫቷን በእግሩ ገፋ አድርጎ ነበር። ምን እንዳለችው አሁን በትክክል የሚያስታውስ ሰው የለም። ሰው የሚያስታውሰው ዘበኛው ቅርጫቱን አንሥቶ ወደ ቦታው መመለሱን፣ አቧራውን በመዳፉ መጥረጉን፣ በመጨረሻም ሁለት ጥቅል ታፔ ገዝቶ መሄዱን ነው። በማግስቱ ለባልደረቦቹ ሲያማርር አንዲት ጎመን ሻጭ ሰማችውና፣ "ምን ታደርጋታለህ፣ ቅዳሜ ፓሂንግ እኮ ናት" አለችው። ያን ጊዜ ገባውና ማማረሩን ተወ።

በኛ አገር ይህ ሙሉ መልስ ነው። ሰባቱ ቀናት ከአምስቱ የገበያ ቀናት ጋር እየተጣመዱ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቁጥር አለው፤ ሰው የተወለደበት የሁለቱ ድምር ጠባዩንም ትዳሩንም ይናገራል። ቅዳሜ ዘጠኝ፣ ፓሂንግ ዘጠኝ፤ አሥራ ስምንት። ከዚህ የሚከብድ ቀን የለም። በዚህ ቀን የተወለደ ሰው ቁጡ ነው፣ አይገፋም፣ አይረገጥም፤ እጁም ትኩስ ነው። የፓይኔም ስም ራሱ ከፓሂንግ የወጣ ስለሆነ የጠራት ሁሉ ቀኗን ሲነግራት ኖሯል።

በልጅነቷ አልቃሻ ነበረች ይላሉ። ስድስት ዓመት ሲሆናት የጎረቤት ልጅ ፌንጣዋን ነጠቃትና እያለቀሰች ወደ ቤት መጣች። እናቷ ሳቀችባት። ቅዳሜ ፓሂንግ ታለቅሳለች እንዴ፣ ሂጂና አስመልሺ አለቻት። ፓይኔም ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ሄደች፤ ልጁን ክንዱ ላይ ነክሳ ፌንጣዋን ይዛ ተመለሰች። የልጁ እናት ለክስ መጥታ "ቀኗ ነው" ሲሏት ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ በኋላ ፓይኔም ለምንም ነገር አልቅሳ አታውቅም፤ ማልቀስ ሲመጣባት ትጮኻለች።

በዚህ ሁሉ እጅግ የሚደሰተው አባቷ ዋጊዮ ነበር። እሱ የተወለደው ማክሰኞ ዋጌ ነው፤ ሦስትና አራት ሰባት፤ ከሁሉ የቀለለ ቀን። ሕይወቱም እንደ ቀኑ ነበረች። ወረፋ ላይ ሰው ይቀድመዋል፣ ግብዣ ላይ ሳህኑ ይረሳል፣ የመስኖ ውሃ ተራው ሲደርስ የላይኛው ማሳ ባለቤት ቦዩን ይዘጋበታል። ፓይኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሽርጧን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ የመስኖ ተራ በሚያከፋፍለው በውሃ አባቱና በዚያ ሰውዬ ፊት ጮኸች። ውሃው መጣ። ዋጊዮ የማሳው ድንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውሃው በእግሩ ሥር ሲያልፍ እያየ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሰው ሲያስታውሰው የሚያስታውሰው ያን ሳቅ ነው።

እሳት የላሰች ሴት መሆን ግን ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ታፔው ነበር። ካሳቫው ተቀቅሎ ከበረደ በኋላ እርሾው ተበትኖበት፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ይተኛል፤ ሲነሣ ማር ይሆናል። ይህ የሚሆነው በለዘብተኛ እጅ ነው። ቁጡ ሰው ከነካው ይቀላል፣ ይመራል። ስለዚህ እናቷ ታፔ የምትሠራበት ጓዳ ለፓይኔም የተከለከለ ነበር፤ እናቷ ስትሞትም ሥራው ለታናሽ እህቷ ለቱሚራ አለፈ። ቱሚራ ትሠራለች፣ ፓይኔም ትሸጣለች። ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በታፔ ስትኖር በአንዲት ቁራጭ ካሳቫ ላይ እንኳ በእጇ እርሾ በትና አታውቅም።

ሁለተኛው ፓርዲዮ ነው። ፓርዲዮ ቀርከሃ ፈልጦ ቅርጫት የሚሠራ፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነው። እሷ ሃያ ሁለት፣ እሱ ሃያ ስምንት ሆነው ሳለ ወላጆቹ ሊጠይቋት መጡ፤ ቁጥሩም ተቆጠረ። እሱ ረቡዕ ክሊዎን ነው፤ ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት። ከእሷ አሥራ ስምንት ጋር ሠላሳ ሦስት። በስምንት በስምንት ሲገደፍ አንድ ይተርፋል። አንድ መለያየት ነው፤ ወይ በፍቺ፣ ወይ በሞት፤ የሚሞተው ደግሞ ቁጥሩ የቀለለው ነው። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። ፓርዲዮ በሁለተኛው ዓመት ሌላ አገባ። ፓይኔም አላገባችም። አንድ ሁለት ሰው ጠይቋት ነበር፤ ለምን እምቢ እንዳለች ሲጠይቋት ጮኸች።

ነገር ግን ቅርጫት መግዛቷን አልተወችም። በየፓሂንጉ ገበያ ከፓርዲዮ አንድ ቅርጫት ትገዛለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ። ከቱሚራ ጋር በምትኖርበት ቤት ጣሪያ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ የዶሮ ቤት ላይ ቅርጫት ነው። ካሊዋሩ ሁሉ ያውቃል፤ በፊቷ ግን የሚያወራ የለም፤ ማን ደፍሮ።

የፓርዲዮ ሚስት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። በዚህ በጋ አንድ ቀን ለፓይኔም የቅርጫት እጀታ እየጠገነ ቀና ሳይል ተናገረ።

"ኔም፣ ከእንግዲህ ቅርጫት የምሠራበት ዓይን የለኝም። ምን ልሽጥልሽ? አብረን ብንቀመጥስ?"

"ሠላሳ ሦስቱስ፣ ካንግ?" አለችው፣ እንደ ታላቅ ወንድም ጠርታ።

"እሱ ከገደለኝም እስከ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ታግሦኛል። ደግ ነው።"

ገበያው ሁሉ እስኪዞር ጮኸችበት። ጅል ሽማግሌ አለችው፣ ቅርጫትህን ይዘህ ሂድ አለችው። ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ግን ለብቻዋ አሰበችው። እሺ ብትል ደስ ይላታል፤ እሺ ብትል ይሞታል። ለፓይኔም ነገሩ ይህንኑ ያህል ቀጥተኛ ነበር። በዚያው ሳምንት የፓርዲዮ ልጅ ጊያንቶ መጥቶ እጆቹን አጣምሮ፣ እንደ አክስት ጠርቷት፣ "ቡዴ፣ አይቀየሙኝ፤ አባቴን ገና እንፈልገዋለን" ሲላት እሱን እንኳ አልጮኸችበትም። እኔም እፈልገዋለሁ፣ ስለዚህ አላገባውም አለችና ታፔ ጠቅልላ ሰጥታ ሸኘችው።

ወሬ ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ምባህ ሱሪፕ ደረሰ። ምባህ የምንለው አያት ለሆነ ሁሉ ነው፤ ምባህ ሱሪፕም የመንደሩን ግማሽ ያዋለደች፣ ዘጠና አንድ ዓመት የሞላት አሮጊት ናት። ፓይኔምን አስጠራቻት። ሲገቡ የማይንኳኳ፣ ሲወጡ የማይዘጋ ቤት ነው፤ ፓይኔም ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አትጩኺ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው" አለቻት አሮጊቷ። "አንቺ የቅዳሜ ልጅ አይደለሽም። ዓርብ ነሽ። ዓርብ ሌጊ።"

ከዚያ ነገረቻት። ያ ቀን ዓርብ ነበር። ከቀትር በኋላ እሳተ ገሞራው ሜራፒ ተራራ ጉሮሮውን ጠረገና የአመድ ዝናብ ወረደ። አሥር ሰዓት ላይ ጨለመ፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ፤ ሰው መብራት አበራ። ልጅቷ የተወለደችው በዚያ መብራት ነው። ዋጊዮ ከደጃፍ ሆኖ ሰማዩን አየና ጀንበር ጠልቃለች አለ። በኛ ዘንድ ቀን የሚለወጠው ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ገብቷል፣ ፓሂንግ ሆኗል። ምባህ ሱሪፕ ጨርቆቹን ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ጎንበስ ብላ ስታጥብ ውሃው ወርቅ ሆነ። ቀና አለች። በምዕራብ በኩል ነፋስ አመዱን ገልጦት፣ ፀሐይ ከኮረብታው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ እንደ ብርቱካን ቀልታ ቆማለች። ጀንበር ስትጠልቅ የሚመታው የመስጊዱ ከበሮ የተሰማው እሷ ጨርቁን አጥባ፣ ጨምቃ፣ ዳገቱን ከወጣች በኋላ ነው።

ፓይኔም በጣቶቿ ቆጠረች። ዓርብ ስድስት፣ ሌጊ አምስት፤ አሥራ አንድ። ገራገር፣ እጀ ለስላሳ፣ ሰው የሚወደው፣ ለእንባ ቅርብ የሆነ ሰው ቀን ነው።

"ለምን ዝም አሉ?"

"ልናገር መጥቼ ነበር። አባትሽ አመድ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። 'ዩ ሱሪፕ፣ እህት ዓለም፣ ማንም የማይረግጣት ልጅ ወለድኩ' አለኝ። ያን ሰው ሲረገጥ ነው የማውቀው። እንደዚያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።"

ፓርዲዮን በተከለከለችበት ዓመት ምባህ ሱሪፕ ባሕር ተሻግራ ላምፑንግ ልጇ ዘንድ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ፓርዲዮ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ አገኘችው። ያን ጊዜ መናገር የቆመ ቤት ማፍረስ ነው ብላ ዳግመኛ ዋጠችው።

"ስደቢኝ፤ ይገባኛል" አለች አሮጊቷ። "ግን አንድ ነገር አስቢ። እኔ ዝም ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ተራራውን ግን እኔ አላስነጠስኩትም።"

ፓይኔም ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ድምፁ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የፈራችው። ይህ ድምፅ የማን ነው? የዓርብ ሌጊ ሰው እንዲህ አይጮኽም። አፏን ገጠመችና ተነሣች፤ የአሮጊቷን እጅ ሳመችና ወጣች።

ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ፊቱ ወደ ተራራው ነው። ሜራፒ በዚያ ጠዋት ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ነጭ ጭስ አለ። ፓይኔም መንገድ መሀል ቆመች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሷን ግን አመድ ነው ያወጣው። አንድ እፍኝ አመድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቀኑን አጨለመ፤ ከዚያ ንክሻው መጣ፣ የመስኖው ውሃ መጣ፣ ዘበኛው ቅርጫት ተሸከመ፣ ፓርዲዮ ሌላ አገባ። ነፋሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነፍሶ ቢሆን ኖሮ ሌጊኔም የምትባል፣ ድምጿ የማይሰማ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ የተዳረች ሴት በዚህ መንገድ የልጅ ልጅ እያስከተለች ትሄድ ነበር። ያቺ ሴት የት ሄደች? ወይስ አመዱም፣ የአባቷ ስሕተትም፣ የአሮጊቷ ዝምታም ከጥንት ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው? እንደዚያ ከሆነ ስሕተቱ ራሱ የአርባ ቀን ዕድሏ ነበር። ፓይኔም ፊደል የቆጠረችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የሊቃውንት ጥያቄ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ሰማዩን አሰፋባት፤ ምድሩም ከእግሯ ሥር የራቀ መሰላት። አንድ ባለሞተር ጡሩንባ ነፍቶ እስኪያባርራት ድረስ ቆመች፤ እሱንም አልሰደበችውም፤ ሰውየው ዞሮ እያያት ሄደ።

የአሮጊት ወሬ ብቻ ይዞ ሰው ትዳር ውስጥ አይገባም። ማረጋገጫ ፈለገች። በማግስቱ ቱሚራን ከታፔው ጓዳ አስወጥታ ራሷ ገባች። ቱሚራ በሩ ላይ ቆማ ሃያ ኪሎ ካሳቫ ሊበላሽ ነው ብላ ተማጠነች፤ እናታችን ከመቃብር ትነሣለች አለች። ፓይኔም በሩን ዘጋችባት። እህቷ ስትሠራ በስንጥቁ ስታይ ያደገችውን አንድ በአንድ አደረገች፤ አበረደች፣ እርሾውን በጣቶቿ አድቅቃ በተነች፣ ጠቀለለች፣ ቅርጫት ውስጥ ደርድራ በከረጢት ሸፈነች። ሦስቱን ቀን ገበያ አልወጣችም፤ ሰዉ ታማለች ብሎ አሰበ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቱሚራ ናት ከረጢቱን የገለጠችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። አንድ ጥቅል ፈታች፤ ነጭ ነው፤ ወዙ በቅጠሉ ላይ ወርዷል። ቀመሰች። ሁለተኛ ቀመሰች።

"ዩ፣ ከእኔ ይጣፍጣል" አለች።

ፓይኔም ጓዳው ወለል ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ሳትጮኽ፣ እንደ ሰው። ያለቀሰችው ለታፔው ብቻ አልነበረም። እጇ ይህን ሁሉ ዘመን ዓርብ ሆኖ ሲጠብቃት ነበር፤ አንደበቷ ግን ቅዳሜ ሆኖ ቀርቷል። ሰው በአንድ አካል ሁለት ቀን ሆኖ ይኖራል ብሎ የነገራት አልነበረም። ቱሚራ እህቷ ስታለቅስ አይታ ስለማታውቅ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ታፔውን መብላቷን ቀጠለች።

ቁጥሩ እንደገና የተቆጠረው በሚቀጥለው ሳምንት፣ በቆጣሪው በምባህ ካርሶ በረንዳ ላይ ነው። ፓርዲዮ ከእንጨት ወንበሩ ላይ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። ጊያንቶ ምባህ ሱሪፕን በሞተር ሳይክሉ አምጥቷታል፤ ቱሚራ ከኋላ ደግፋት፣ ሦስቱ በአንድ ሞተር፣ አሮጊቷ ነጠላዋን በአፏ ይዛ። ምባህ ሱሪፕ ያየችውን ፀሐይ በፈጣሪ ስም ምላ ተናገረች። ጊያንቶ ሻዩን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ለአባቱ የቀረበውን ሞት ሊከላከል መጥቶ፣ ሞቱ በአሮጊት አፍ ሲሟሟ እያየ ማመንም መጠራጠርም አቅቶት ነበር።

ምባህ ካርሶ አሮጌ መጽሐፋቸውን ዘረጉ። ምስክሩን ሰምቻለሁ አሉ፤ እኔ ግን የሰውን ቀን የምጽፈው ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሰምቼ ነው፣ ወደ ፊት ቢያጣላ ተጠያቂው እሱ ነው። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ጠበቁ።

"ቀንሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

ሁለት ቃል ነው የሚፈለግባት። ፓይኔም ግን ፓርዲዮን አየች፤ አላስቸኮላትም፤ አርባ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ዓይኗ ላይ የመጣው አባቷ ነበር። አመድ ለብሶ ደጃፍ ላይ ያለቅሳል፤ ውሃው በእግሩ ሥር ሲያልፍ ይስቃል። ያ ምስኪን በዕድሜው ሙሉ አንድ የሚያኮራ ነገር ቢኖረው ያ ቅዳሜ ነበር። አሁን እሷ በሁለት ቃል ልትቀማው ነው። ዓርብ ነኝ ካለች፣ ዋጊዮ የወለደው እንደ ራሱ የሚገፋ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ነኝ ካለች ደግሞ ይህ ሽማግሌ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ልጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ሁለቱም እንደ ኖሩት ይሞታሉ።

ምባህ ካርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀኗን ካላወቀች ሌላ ጊዜ ብንመለስ ይሻላል ብሎ ጊያንቶ በቀስታ ሊናገር ጀመረ።

"ዓርብ ሌጊ!" አለች ፓይኔም።

ያለችው በገበያው ድምጿ ነው። ውሃ አባቱን ባንበረከከው፣ ዘበኛውን ቅርጫት ባሸከመው ድምፅ። ደረጃው ሥር የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ፤ የጊያንቶ ሻይ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ ከመንገድ ማዶ አንድ ሰው ምን ሆኑ ብሎ ብቅ አለ። ምባህ ካርሶ እስክሪብቷቸው እንደ ተንጠለጠለ ቆዩ። ፓርዲዮ መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ጥርስ የሌለው ድዱ እስኪታይ ሳቀ።

"ይሰማል፣ ልጄ፤ ይሰማል" አሉ ምባህ ካርሶ፤ ጻፉም። ስድስትና አምስት አሥራ አንድ፣ ከአሥራ አምስት ጋር ሃያ ስድስት፤ በስምንት ሲገደፍ ሁለት ይተርፋል። ሁለት ንጉሥ ነው፤ ጎረቤት የሚያከብረው ቤት። ጊያንቶ ሱሪውን እየጠረገ ተነሣና የፓይኔምን እጅ ሳመ።

ሰው ስለ ሠርጉ ቀን ማውራት ሲጀምር ፓይኔም ወደ ምባህ ሱሪፕ ጠጋ አለች። ተራራው ከአሮጊቷ ትከሻ በላይ ቆሟል፤ ጫፉን ደመና ይዞታል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረች።

"ምባህ፣ አባቴ ይቀየመኝ ይሆን?"

አሮጊቷ ደረቅ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችላት።

"በዚያ ድምፅ ተናግረሽ? ሰምቶሻል። አሁን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ነው።"